በዝርግ ሸክላ ውስጥ አራት መቶ ዓመት

እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 1945 ከጠዋቱ 2፡15 ሰዓት ሲሆን በጃፓን የሂሮሺማ ከተማ ላይ የአቶሚክ ቦምብ ፈነዳ። ከፍንዳታው ማዕከል 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የያማኪ ቤተሰብ መኖሪያ ይገኝ ነበር። የቤቱ መስታወት ረገፈ፤ ስብርባሪውም የቤተሰቡን አባላት ቢያቆስልም ሁሉም በሕይወት ተረፉ። በግቢው ውስጥ ደግሞ በረጅም ግንብ ተከልለው፣ በዝርግ የሸክላ ዕቃዎች የተተከሉ ትንንሽ ዛፎች ነበሩ። ከእነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. ከ1625 ጀምሮ በሰው እጅ ሲታነጽ የኖረ የጃፓን ነጭ ፓይን ነው። ግንቡ የፍንዳታውን ኃይል መከተለት፤ ዛፉም እንደ ባለቤቶቹ ተረፈ።

እ.ኤ.አ. በ1976 ዩናይትድ ስቴትስ የነጻነቷን 200ኛ ዓመት ስታከብር ከጃፓን 53 የቦንሳይ ዛፎች በስጦታ ተላኩላት። ማሳሩ ያማኪ የተባሉት የቦንሳይ ባለሙያም ይህንኑ ፓይን ሰጡ። ዛፉ በዋሽንግተን ከተማ በሚገኘው ብሔራዊ የዕፀዋት ሥፍራ ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ2001 ሁለት የያማኪ የልጅ ልጆች የአያታቸውን ዛፍ ለማየት መጥተው ታሪኩን እስኪናገሩ ድረስ፣ ለ25 ዓመታት ያህል ውኃ ሲያጠጡት የኖሩት ተንከባካቢዎች እንኳ ዛፉ ከምን እንደ ተረፈ አያውቁም ነበር።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ እንደ ተአምር ይነገራል። የሳይንስ ተማሪ ግን ሌላ ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም። ግንቡ ዛፉን የጠበቀው ለአንድ ጠዋት ነው፤ አራት መቶ ዓመት ግን ከ146 ሺህ የሚበልጡ ቀኖች አሉት። ጥልቀቱ ከአንድ ስንዝር በማይበልጥ አፈር ውስጥ የቆመ ዛፍ፣ ፀሐይ በጠነከረበት ወቅት ለጥቂት ቀናት ውኃ ቢያጣ ይሞታል። ታዲያ በቀሩት ቀኖች ሁሉ ዛፉን ያኖረው ምንድን ነው?

መልሱ በአጭሩ፣ እያንዳንዱን ሥራ በወቅቱ መሥራት ነው። እኛም በአዲስ አበባ ባለችው ጠባብ ግቢያችን ጥቂት እንዲህ ያሉ ዛፎችን ማሳደግ ከጀመርን ዓመታት አልፈዋል። አንዳንዶቹን አኑረናል፤ አንዳንዶቹንም በገዛ እጃችን ገድለናል። በዚህ ጽሑፍ የቦንሳይ ተንከባካቢ በጃፓን አራት ወቅቶች ምን እንደሚሠራና ከሥራው በስተጀርባ ያለው ሥነ ሕይወታዊ ምክንያት ምን እንደ ሆነ እናያለን፤ በመጨረሻም ይህ እውቀት ወደ እኛ ደጋ ሲመጣ እንዴት እንደሚለወጥ እንመለከታለን።

ለመሆኑ ቦንሳይ ምንድን ነው?

ቃሉ ጃፓንኛ ሲሆን «ቦን» ዝርግ ዕቃን፣ «ሳይ» ደግሞ ተከላን ያመለክታል። ጥበቡ ከቻይና የተወረሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ706 በተሠራው የቻይናው ልዑል ዣንግሁዋይ መቃብር ግድግዳ ላይ፣ ትንንሽ ዕፀዋትና ድንጋዮች ያሉበትን ዝርግ ዕቃ የተሸከመ አገልጋይ ተሥሎ ይታያል።

ብዙ ሰዎች ቦንሳይ ከልዩ ዘር የሚበቅል ድንክ ዛፍ ይመስላቸዋል። ሌሎች ደግሞ ምግብና ውኃ እየተከለከለ የቀጨጨ ዛፍ አድርገው ያስባሉ። ሁለቱም ስሕተት ነው። ቦንሳይ በዱር ከሚያድገው ወንድሙ ጋር አንድ ዓይነት ዘረ መል አለው፤ ነቅለን መሬት ላይ ብንተክለው እንደማንኛውም ዛፍ ለመግዘፍ ይነሣል። የተራበ ዛፍ ደግሞ መቆረጥንና መታጠፍን አይችልም። ቦንሳይን ትንሽ አድርጎ የሚያኖረው በሥሩና በቅጠሉ መካከል ሰው የሚጠብቀው ሚዛን ነው። ሥር ውኃና ማዕድን ወደ ላይ ይልካል፤ ቅጠል በብርሃን አስተፃምሮ ያዘጋጀውን ስኳር ወደ ታች ይመልሳል። አንዱ ሲቀነስ ሌላውም በልኩ መቀነስ አለበት።

ቀንበጥ ሲቆረጥ የሚሆነውን ለመረዳት ደግሞ ኦክሲን የተባለውን ሆርሞን ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ ሆርሞን በቀንበጡ ጫፍ ተሠርቶ ወደ ታች ሲወርድ በጎን ያሉት እንቡጦች እንዳያድጉ ያግዳቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ተመራማሪዎች የባቄላን ጫፍ ሲቆርጡ የጎን እንቡጦች ማደግ ጀመሩ፤ በተቆረጠው ጫፍ ላይ ኦክሲን ሲቀቡ ግን እንቡጦቹ እንደ ቀድሞው ታግደው ቆዩ። የቦንሳይ ባለሙያዎች የሆርሞኑ ስም ከመታወቁ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በመቀስ ይሠሩበት የነበረው ይህንኑ ሕግ ነው። ጫፉ በተቆረጠ ቁጥር አንዱ ቅርንጫፍ ሁለት ይሆናል፤ ሁለቱ አራት ይሆናሉ፤ የእያንዳንዱ ቅጠልም እያነሰ ይሄዳል። የሚያስገርመው ግን አበባና ፍሬ እንደ ቅጠል አያንሱም። ከክንድ የማይበልጥ የፖም ቦንሳይ የሚያፈራው ፍሬ በትልቁ ዛፍ ላይ ከሚታየው ብዙም የማይለይ መሆኑ ተመልካችን ሁልጊዜ ያስደንቃል።

የልምላሜ ወቅት፦ ሥር የሚቆረጥበት ጥቂት ሳምንት

በጃፓን የብርዱ ወቅት ሊያበቃ ሲል፣ በፌብሩዋሪና በማርች ወራት፣ እንቡጦች ያብጣሉ፤ ነገር ግን ገና አልተከፈቱም። ዛፉ ባለፈው ዓመት በግንዱና በሥሩ ያከማቸውን ስታርች ወደ ስኳር እየለወጠ ለዕድገት ይዘጋጃል። ተንከባካቢው በዓመቱ ውስጥ ከሁሉ የከበደውን ሥራ የሚሠራው በዚህች አጭር ጊዜ ነው። ዛፉን ከነአፈሩ ከዕቃው ያወጣዋል፤ የተጠማዘዙትንና የወፈሩትን ሥሮች ይቆርጣል፤ አፈሩን ለውጦ መልሶ ይተክለዋል። ወጣት ዛፎች በየአንድ ወይም በየሁለት ዓመቱ ይህ ይደረግላቸዋል፤ ላረጁት ፓይኖች ግን በርካታ ዓመታት እስኪያልፉ ይቆያል።

ሥር መቁረጥ ዛፍን የሚጎዳ ይመስላል። ነገር ግን ውኃንና ማዕድንን የሚመጥጡት የወፈሩት ሥሮች ሳይሆኑ በጫፍ ያሉት ቀጫጭን ሥሮችና ፀጉር መሰል ሕዋሶቻቸው ናቸው። ዕቃው በወፍራም ሥር ከታጨቀ አየር የሚገባበት ክፍተት ይጠፋል፤ ሥር ደግሞ እንደ እኛው ኦክስጅን ይተነፍሳል። ወፍራሙ ሲቆረጥ ከቁስሉ አጠገብ ቀጫጭን ሥሮች ይወጣሉ፤ ያረጀውም ዛፍ በወጣት ሥር መመገብ ይቀጥላል።

ጊዜው ለምን እንዲህ ጠበበ? ቅጠል ከመከፈቱ በፊት ዛፉ በትነት የሚያጣው ውኃ ጥቂት በመሆኑ፣ የተቆረጠው ሥር እስኪያገግም መታገሥ ይችላል። ቅጠሉ ከተዘረጋ በኋላ ግን ላይኛው ክፍል ውኃ ሲጠይቅ ከታች የሚልክለት አይኖርም። አንድ ዓይነት መቀስ፣ አንድ ዓይነት እጅ፣ አንድ ዓይነት ዛፍ ሆኖ፣ የአንድ ወር መዘግየት ብቻ በማደስና በመግደል መካከል ልዩነት ይፈጥራል። ለፓይን ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ከሥሩ ጋር ተባብሮ የሚኖር ፈንገስ ማዕድንና ውኃ እንዲያገኝ ስለሚረዳው፣ ከአሮጌው አፈር የተወሰነው አብሮት እንዲቀር ይደረጋል።

የሙቀት ወቅት፦ ውኃና ስፖንጅ

ጃፓናውያን ውኃ ማጠጣትን ለመማር ሦስት ዓመት ይፈጃል ይላሉ። ለጀማሪ ይህ ማጋነን ይመስላል። በጁላይና በኦገስት ትንሽ የሸክላ ዕቃ በፀሐይ ስለሚግልና የያዘው ውኃም ጥቂት ስለሆነ በቀን ሁለት ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ማጠጣት ያስፈልጋል። ነገር ግን አብዝቶ ማጠጣትም እንደ ማነሱ ይገድላል። ምክንያቱን አንባብያን በቤታቸው በቀላሉ ሊፈትኑት ይችላሉ።

የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ በውኃ አርሱና በመዳፋችሁ ላይ አግድም አስተኝታችሁ ያዙት። ትርፉ ውኃ ይንጠባጠብና ይቆማል። አሁን ሳትጨምቁ ስፖንጁን በቁሙ አቁሙት፤ እንደገና ውኃ ይፈስሳል። ስፖንጁ ያው ነው፤ ቀዳዳዎቹም ያው ናቸው፤ የተለወጠው ቁመቱ ብቻ ነው። አፈርም እንዲሁ ነው። ከፈሰሰው ውኃ በኋላ በዕቃው ሥር ከአየር ነጻ የሆነ፣ ውኃ የሞላው ንብርብር ይቀራል። የዚህ ንብርብር ውፍረት የሚወሰነው በአፈሩ ቅንጣት መጠን እንጂ በዕቃው ጥልቀት አይደለም፤ ቅንጣቱ ሲደቅቅ ንብርብሩ ይወፍራል። በመሆኑም በጥልቅ ባልዲ ውስጥ ከታች የሚቀር ንብርብር፣ በዝርግ ዕቃ ውስጥ ሥሩን በሙሉ ሊያሰጥም ይችላል። ባለሙያዎች ደቃቁን እየነፉ ጥለው፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ጠጠር መሰል አፈር የሚመርጡት ለዚህ ነው። በጃፓን ለዚህ የሚውለው አካዳማ የተባለው፣ በካንቶ አካባቢ የሚገኝ ከእሳተ ገሞራ ምንጭ የሆነ አፈር ነው።

በዚሁ ወቅት መጀመሪያ በጥቁር ፓይን ላይ የሚሠራ አንድ ድፍረት የተሞላበት ሥራ አለ። በዓመቱ የበቀሉት ቀንበጦች በሙሉ ከሥራቸው ይቆረጣሉ። ዛፉ ጠንካራ ከሆነ ከተቆረጠው ቦታ ሁለተኛ ቀንበጥ ያወጣል፤ ለዕድገት የቀረው ጊዜ አጭር ስለሆነም መርፌ መሰል ቅጠሎቹ አጫጭር ይሆናሉ። ይህንኑ ሥራ በነጭ ፓይን ላይ መሥራት ግን ዛፉን ያደክመዋል፤ ነጭ ፓይን በዓመት የሚበቅለው አንድ ጊዜ ብቻ ነውና። የያማኪን ፓይን የተንከባከቡ ሁሉ ይህን ልዩነት ማወቅ ነበረባቸው።

የቅጠል ርግፈት ወቅት፦ ስንቅና ሽቦ

ከሴፕቴምበር በኋላ ዛፉ ከማደግ ይልቅ ወደ ማከማቸት ያዘነብላል። ስኳሩ ወደ ግንድና ወደ ሥር ይወርዳል፤ ቅጠላቸውን የሚያረግፉትም ናይትሮጅንን የመሳሰለ ውድ ንጥረ ነገር ከቅጠሉ ይመልሳሉ። ክሎሮፊል የተባለው አረንጓዴ ቀለም ሲፈርስ ተሸፍኖ የኖረው ቢጫ ይገለጣል፤ ቀዩ ግን በሜፕል ቅጠል ውስጥ በዚያው ወቅት አዲስ የሚሠራ ነው። ተንከባካቢው በዚህ ጊዜ ማዳበሪያ ይሰጣል። የሚቀጥለው ዓመት ልምላሜ የሚወሰነው አሁን በሚከማቸው ስንቅ ነውና።

ቅጠል ከረገፈ በኋላ የቅርንጫፎች አጥንት ስለሚታይ ቅርጽ ለመስጠት ይመቻል። ቅርንጫፉ በመዳብ ወይም በአሉሚኒየም ሽቦ ይጠመጠምና በቀስታ ይታጠፋል። ሽቦው ቅርንጫፉን የሚይዘው ለጊዜው ነው። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ካምቢየም የተባለው ስስ የሕዋስ ንብርብር አዲስ እንጨት ሲሠራ፣ አዲሱ እንጨት የተሰጠውን ቅርጽ ይዞ ይጠነክራል። ከዚያ ሽቦው ይፈታል። ተንከባካቢው ከዘነጋ ግን የወፈረው ቅርንጫፍ ሽቦውን ይውጠዋል፤ ጠባሳውም ለብዙ ዓመታት አይጠፋም።

የብርድ ወቅት፦ ደግነት የሚገድልበት ጊዜ

ዛፉ ራቁቱን ቆሞ በረዶ ሲወርድበት ያየ ጀማሪ አዝኖ ወደ ሞቀ ሳሎን ሊያስገባው ይፈልጋል። ይህ በቦንሳይ አሳዳጊዎች ዘንድ እጅግ የተለመደ ስሕተት ነው። በብርድ አገር የሚበቅሉ ዛፎች ወደ እንቅልፍ የሚገቡት ብርዱ ስላሸነፋቸው ብቻ አይደለም፤ በውስጣቸው ያለ ሥርዓት እንቡጡን ቆልፎታል። ቁልፉ የሚከፈተው ዛፉ ከበረዶ ነጥብ ጥቂት ከፍ በሚል ቅዝቃዜ ውስጥ በአብዛኛው በመቶዎች የሚቆጠሩ፣ ለአንዳንዱም ከሺህ የሚበልጡ ሰዓታት ካሳለፈ በኋላ ነው። ይህ ሥርዓት በጃንዋሪ ወር የሚመጣ የሦስት ቀን ሙቀት ዛፉን አታልሎ እንዳያስነሣው ይጠብቀዋል። ሳሎን የገባው ሜፕል ግን ቁልፉ ሳይከፈትለት ይቀራል፤ ልምላሜው ሲደርስ ጥቂት እንቡጥ ብቻ ያወጣል፤ ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላም ይደክማል።

ይህ ማለት ግን ምንም ጥበቃ አያስፈልገውም ማለት አይደለም። ሥር ከቅርንጫፍ ይልቅ ብርድ አይችልም። በተፈጥሮ ምድር እንደ ብርድ ልብስ ትሸፍነዋለች፤ በዝርግ ዕቃ ውስጥ ግን ብርዱ ከየአቅጣጫው ያገኘዋል። ስለዚህ ዛፎቹ ከነፋስ ወደሚከለሉበት ቀዝቃዛ ሥፍራ ይወሰዳሉ፤ ውኃም ጨርሶ አይቋረጥባቸውም።

ክረምት የዝናብ ስም በሆነበት አገር

እኛ «ክረምት» ስንል ብርድን ሳይሆን ዝናብን ማለታችን ነው። ልዩነቱ የቃል ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ቢቀዘቅዝም ቀኑ ይሞቃል። ስለሆነም ከሰሜን የመጣ ዛፍ እንቡጡን የሚከፍትለትን ረጅም ቅዝቃዜ በቀላሉ አያገኝም። በአገራችን ፖም በደጋማዋ ጨንቻ ሲሳካ በቆላ የማይሳካበት ምክንያትም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

ስለዚህ የእኛን ወቅት የሚያውቅ ዛፍ መምረጥ ይበጃል። እኛ የመረጥነው ወይራን ነው። እናቶቻችን የጠላና የወተት ዕቃ የሚያጥኑበት ይህ ዛፍ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ አይረግፍም፤ ሲቆረጥ ከግንዱ አዲስ ቀንበጥ ያወጣል፤ በተፈጥሮውም ደንቃራና ደረቅ መሬት ላይ ይበቅላል። ይኸው የወይራ ዝርያ በደቡብ አፍሪካ አሳዳጊዎች ዘንድም ተወዳጅ ቦንሳይ ነው።

የመጀመሪያውን ወይራችንን ግን ገደልነው። ለስድስት ዓመታት ያሳደግነው፣ ግንዱ እንደ አውራ ጣት የወፈረ ዛፍ ነበር። ወደ ዝርግ ሸክላ ስናዛውረው ከግቢያችን የቆፈርነውን መረሬ አፈር ሞላንበት፤ አፈሩ ለም ነውና ይስማማዋል ብለን ነበር። በጋውን በየቀኑ ውኃ እየሰጠነው በደህና አለፈ። በነሐሴ ወር፣ ዝናቡ ሳያቋርጥ በሚወርድበት ጊዜ፣ ቅጠሉ ጠወለገ። ለብዙ ቀናት ግራ ተጋባን። ውኃ በሞላበት አፈር ውስጥ ያለ ዛፍ እንዴት ይጠማል? በሽታ መስሎን ቅጠሉን ስንመረምር ሰነበትን። በመጨረሻ ከሸክላው ስናወጣው ሥሩ ጠቁሮ፣ ሽታው ተለውጦ አገኘነው። የመረሬው ደቃቅ ቅንጣት ዕቃውን ከሥር እስከ አፉ ውኃ የሞላው ንብርብር አድርጎት ነበር። ኦክስጅን ያጣ ሥር ይሞታል፤ የሞተ ሥር ውኃ አይመጥጥም፤ ዛፉም በውኃ መካከል ቆሞ በጥም ይሞታል።

ይህን በመጽሐፍ አንብበነው ነበር። ይበልጥ የሚያሳፍረው ግን መረሬን ከእኛ በላይ የሚያውቁት መኖራቸው ነው። በሰሜን ሸዋ የኢነዋሪ ገበሬዎች ማሳቸውን ከፍ ከፍ ያለ መደብ እያደረጉ ትርፉን ውኃ በቦይ የሚያስወጡት በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚያ ወዲህ የምንጠቀመው ለመንገድ ሥራ የሚውለውን ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ነው። ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሆነውን በወንፊት ለይተን፣ አቧራውን አጥበን፣ ጥቂት የበሰበሰ ብስባሽ እንቀላቅልበታለን። የሥራ ዘመናችንም ከጃፓን ይለያል። ሥር የምንቆርጠው በግንቦት መጨረሻ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ደመናማና እርጥብ አየር ትነቱን ስለሚቀንስለት ዛፉ ፋታ ያገኛል። በሐምሌና በነሐሴ ዕቃዎቹን በጥቂቱ አዘንብለን እናስቀምጣቸዋለን፤ የስፖንጁን ትምህርት አልረሳንም። መስከረም ሲጠባ ፀሐይዋ ስትመለስ ማዳበሪያ እንሰጣለን። ከኅዳር በኋላ ደረቁ ነፋስ ሲነሣ ጠዋት ጠዋት ጣታችንን አፈሩ ውስጥ እየከተትን እርጥበቱን ሳንለካ ውኃ አናጠጣም።

ለመጀመር የሚፈልጉ ተማሪዎች ያረጀ ዛፍ ከጫካ መንቀል አያስፈልጋቸውም፤ ሊነቅሉም አይገባም። ከችግኝ ጣቢያ የተገኘ አንድ የወይራ ችግኝ፣ ከሥሩ የተበሳ ዝርግ የሸክላ ዕቃ፣ የተነፋ ጠጠር፣ ስለታም መቀስና የማስታወሻ ደብተር ይበቃሉ። ከአምስቱ ደብተሩን አታቃልሉት። መቼ እንደ ቆረጣችሁ፣ መቼ እንቡጥ እንዳበጠ፣ መቼ ቅጠል እንደ ጠወለገ ከሦስት ዓመት በኋላ የሚነግራችሁ እርሱ ነው።

ወደ ያማኪ ፓይን እንመለስ። የነጭ ፓይን ቅጠሎች በዛፉ ላይ የሚቆዩት ጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። በዚያች የኦገስት ጠዋት በዛፉ ላይ ከነበሩት ቅጠሎች ዛሬ አንድም የለም። ውኃ የሚመጥጡት ቀጫጭን ሥሮችም ብዙ ጊዜ ተለውጠዋል፤ የሚኖርበት አፈርም እንዲሁ። ዛፉን ለመጀመሪያ ጊዜ በዝርግ ዕቃ ያኖረው ሰው፣ አንድ ቀን ውቅያኖስ ተሻግሮ በሌሎች እጅ ውኃ እንደሚጠጣ ሊያስብ አይችልም ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጡት ሁሉ ጅምሩን አላዩም፤ መጨረሻውንም አላዩም። የድርሻቸውን ወቅት ብቻ ጠብቀው ለተከታዩ አስረከቡ።

የእኛ ሁለተኛ ወይራ አሁን በቀይ ጠጠር ውስጥ ቆሟል። ገና የልጅ ቁመት የለውም። ነሐሴ በመጣ ቁጥር ግን ከሁሉ አስቀድመን የምናየው ቅጠሉን ነው።